ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም፣ ዕብራይስጥ በተማርንበት ኡልፓን አጠገቤ እየተቀመጠች ምሳዋን ታካፍለኝ የነበረችው ጓደኛዬም አታውቅም። የሚያውቁት ሰዎች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ጎንደር ቀርተዋል፣ ወይ ደግሞ እዚሁ መጥተው ዝም ማለትን ከእኔ የተሻለ ችለውበታል።

ሰው አገር ሲለቅ ሻንጣው ይመዘናል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ እናቱ በግድ የጨመረችለት ጥቁር አዝሙድ ሳይቀር ሚዛን ላይ ይወጣል። ጭንቅላቱን ግን የሚመዝንለት የለም። ይህ የአየር መንገዶች ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። እኔን ያን ቀን ከነጭንቅላቴ መዝነውኝ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ እስከ ዛሬ ባልተነሣ ነበር።

እንግዲህ ልናገረው። እኔ ትርንጎ፣ እስራኤል አገር ቅርያት መላኪ የምኖር፣ ገዴራ ባለ የሃይማኖት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምሠራ፣ ፀጉሬን በሻሽ የምሸፍን፣ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እሳት የማልነካ ሴት፣ ጎንደር ሳለሁ አራት ዓመት ሙሉ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ። የሕፃናት ክፍል።

ይኸው ወጣ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ወረቀት ድምፅ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቶቼ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በአንድ ክፉ ዘመን ክርስትና ተነሡ። እኛ የተወለድነው በዚያ በኩል ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ዘራችንን አልረሳልንም። ስለዚህ ክርስቲያን መሆናችንን ለማሳመን ከጎረቤት ሁሉ አጥብቀን እንጾም ነበር። እዚህ ስንመጣ ደግሞ አይሁድ መሆናችንን ለማሳመን ከጎረቤት ሁሉ አጥብቀን ሰንበት እናከብራለን። ዕድሜዬን ሙሉ ተፈታኝ ነኝ ማለት ነው። የሚገርመኝ ሁለቱንም ፈተና ያጠናሁት ከልቤ መሆኑ ነው።

ከልቤ ነበር ያስተማርኩትም። ትናንሽ ልጆችን በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ደግነትን ማስተማር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። ልጅ የምትነግሪውን ሳይሆን የሚመቸውን ይወስዳል። አንድ እሑድ፣ ቁመቱ አጭር ስለነበረ ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ስለወጣው ሰው ነገርኳቸው። ላስተምር የፈለግሁት ንስሐን ነበር። በሳምንቱ የክፍሌ እኩሌታ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ላይ ነበር፤ አንዱ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሌላ ጊዜ ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ይስጥ አልኩ። የሰባት ዓመት ልጅ እቤቱ ሄዶ የአባቱን ጋቢ ለመንገደኛ ሰጠ። አባትየው ዱላ ይዞ ሲመጣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ፣ ደግነት ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው መሰጠት ያለበት ብዬ አሰላስል ነበር።

ታዲያ እዚህ ከገባን በኋላ አንድ ጸሐፊ ፊት አስቀምጠው ሥራሽ ምን ነበር አሉኝ። ልጆች አስተምር ነበር አልኩ። ምን ታስተምሪ ነበር? ግብረ ገብ። ጸሐፊው ቤሰደር፣ እሺ፣ ብሎ ጻፈ። እባካችሁ ልብ በሉልኝ፣ አልዋሸሁም። ከዚያ ወዲህም በነገሩ ዋሽቼ አላውቅም። ዝም ብቻ ነው ያልኩት፤ ዝምታ ደግሞ በየትኛውም ቅጽ ላይ መሙያ ቦታ የለውም።

የማገለግልበትን ቦታ ላስረዳችሁ። ክፍሉን የምትመራው ዳሊያ ናት፤ ጋኔኔት ይሏታል። እኔ ሳያዓት ነኝ፤ ረዳት ማለት ነው። ልዩነታችን ግልጽ ነው። የሙሴን ታሪክ የምትናገረው ጋኔኔቷ ናት፤ የሙሴ ታሪክ በሚነገርበት ሰዓት አፍንጫ የምትጠርገው ሳያዓቷ ናት። ባሕሩ ሲከፈል እኔ ሁልጊዜ ሽንት ቤት ነኝ፤ አንዱን ሱሪ ሳስታጥቅ።

በዚህ ክረምት ግን አንድ ሰኞ ዳሊያ ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛዋ ተቀምጣ ወረቀት ትሞላለች። ውጭው ዝናብ ነው፤ ልጆቹን ግቢ ማውጣት አይቻልም። በምልክት ጠራችኝና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ የሳምንቱን ታሪክ አንቺ ንገሪያቸው፤ ሙሴ በግ ሲጠብቅ።

ከሃያ ዓመት በላይ ልጆች ፊት ተቀምጬ ታሪክ አልተናገርኩም። እኔ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ተራዬን የማስከብር ሴት አይደለሁም፤ ቀድመውኝ ሲገቡ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ግን ያቺ ትንሽ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ሠላሳ የሚያህሉ ዓይኖች ሲያዩኝ፣ ጀርባዬ ብቻውን ቀና አለ። ጀርባ አይረሳም።

ሙሴ የአማቱን የዮቶርን በጎች ይጠብቅ ነበር አልኩ። እስከዚህ ማንም የሚከሰኝ የለም። አንዱ ልጅ ስንት በጎች አለ። መቶ አልኩ።

መቶ ያልኩት ከየት አምጥቼ ነው? ሃምሳ ማለት አልችልም ነበር? ቁጥሩ አንዴ ከወጣ በኋላ አፌ የድሮ መንገዱን አገኘና ብቻውን ሄደ። አንዲት በግ ጠፋች። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ሜዳ ላይ ትቶ ፍለጋ ሄደ። በእሾህ፣ በገደል፣ በጨለማ። ሲያገኛት ሳይቆጣ፣ ሳይመታ፣ ትከሻው ላይ አደረጋት። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። እቤቱ ደርሶ ጎረቤቶቹን ለደስታ ሲጠራ ነው ራሴን የሰማሁት። ሙሴ በምድረ በዳ ምን ጎረቤት አለው?

ቀስ ብዬ ወደ ዳሊያ ዞርኩ። አፍንጫዋን እያበሰች ትጽፋለች። አልሰማችም ብዬ ተነፈስኩ። በዚያው ቅጽበት የአምስት ዓመቷ ሾሃም፣ ከልጆቹ ሁሉ ዝምተኛዋ፣ አንድ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጠየቀች። «ቲሪ፣ ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?»

ቲሪ እኔ ነኝ፤ ትርንጎ ማለት ይረዝምባቸዋል።

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያው ጎንደር ነው። የሺ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ የምትጠይቅ ልጅ። እሷም ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ አንድ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ጅብ ቢመጣስ አለችኝ። አንዷን ለማዳን ዘጠና ዘጠኝ ማስበላት ምን ዓይነት ደግ እረኝነት ነው? መልስ የሌለው መምህር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ መልካሙ እረኛ አይጠየቅም ብዬ ውጭ ጠጠሩ ላይ አንበረከክኋት። ትምህርቱ ስለ ርኅራኄ ነበር።

ለሾሃም ምን አልኳት? እጅ መታጠቢያ ሰዓት ደርሷል አልኳት። ያላ፣ ተነሡ። እድገቴ ይህን ያህል ነው፤ ከማንበርከክ ወደ ሳሙና።

ማክሰኞ ጠዋት ሾሃም ከቦርሳዋ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እናቷ ታሪኩን አውቀዋለሁ ብላለች፤ ማን ነገረሽ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃታለች። ወረቀቱም ለዳሊያ ሳይሆን ለእኔ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነበር፤ ነገ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ከምሠራበት ክሊኒክ ስወጣ ያቭነ ከተማ የገበያ አዳራሹ በር ላይ እንገናኝ፤ ብቻሽን፤ ያኤል፣ የሾሃም እናት።

እናትየውን አይቻት አላውቅም። ልጅቷን የሚያመጣት አባቷ ነው፤ የምትወስዳት የአባቷ እናት ናት። አያትየዋ ከያቭነ በአውቶቡስ የምትመጣ፣ ቀጥ ያለች፣ ከጥንትም ሃይማኖታቸውን ካልለወጡት ወገን የሆነች ሴት ናት። ይህንንም ሰላም ከማለቷ በፊት ነግራኛለች።

ፍርሃቴን እንድትረዱት አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሜ አለባቸው ጎንደር ነው። ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ለመምጣት ፈቃድ መጠበቅ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የሁለት ልጆቹ ጥርስ ወልቆ ሲበቅል በስልክ ነው ያየሁት። እኛ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሚሲዮን፣ ክርስትና ሰባኪ ማለት፣ የምትል ቃል አለች። አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈች ከሳሙና በላይ ናት። የእገሌ እህት ወንጌል ታስተምራለች ተብሎ ቢወራ፣ የእሱ ፋይል ከመደርደሪያው ወደ የትኛው መሳቢያ ይወርዳል? እንዲህ ያለ ሕግ ይኑር አይኑር አላውቅም። የሚፈራ ሰው ሕግ አያነብም። እኔ የማውቀው በገዛ አፌ፣ በመቶ በግ ምክንያት፣ ስድስት ሰው ሜዳ ላይ ልተው መሆኑን ነው።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ያቭነ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ንግግር አዘጋጀሁ። አንደኛው ክህደት ነው፣ ሁለተኛው ልመና፣ ሦስተኛው ንግግር የለውም፤ ማልቀስ ብቻ ነው። ስወርድ ሦስቱንም ረሳኋቸው።

በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰማያዊ የክሊኒክ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሻሎም ተባባልን። በዕብራይስጥ፣ የባንክ ሠራተኛ በሚናገርበት ድምፅ፣ ታሪኩን ለልጄ የነገርሻት አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። የሳምንቱ ታሪክ ነው፣ የሙሴ ነው አልኩ። ሙሴ ስንት በጎች ነበሩት አለችኝ። የቦርሳዬን ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሠርኩት። ዝምታ የለመድኩት ሙያ ነው። እሷ ግን ጣቷን አገጯ ላይ አደረገች፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወደ አማርኛም ዞረች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል።»

«የሺ?» አልኩ።

«ቀስ ይበሉ። እዚህ ያኤል ነኝ።»

ሁለታችንም ግራ ቀኝ አየን። የገበያ አዳራሹ ሰው ሁሉ ስለ በግ ያለው ስሜት ያን ያህል አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ አጠገባችን ቆመው የሎተሪ ትኬት ይፍቃሉ። ከዚያ የሺ እጄን ያዘችኝ። ለካስ እሷም ሁለት ቀን እንቅልፍ አልነበራትም። ባሏ ደግ ነው፤ አማቷ ግን ዘር ማንዘራቸውን እየቆጠሩ ማን ለማን እንዳልሰገደ በስም የሚያውቁ ሴት ናቸው። ከምን ወገን እንደመጣች ያውቃሉ፤ ያንን ውጠውታል። መዝሙሩን ከነወረቡ በቃሏ የምታውቅ የሰንበት ተማሪ እንደነበረች ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ልጇ እራት ላይ፣ አያትየዋ ፊት፣ መቶ በግ ስትል ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። መጀመሪያ ያሰበችው፣ አንድ ሰው ልጄን አይቶ ማንነቴን ደረሰበት፤ አውቄሻለሁ ለማለት ይህን ታሪክ ላከብኝ ብላ ነው፤ ቲሪ የሚሏት ትርንጎ ትሆን እንዴ ያለችው ኋላ ነው።

አያችሁ? እኔ ትከሰኛለች ብዬ፣ እሷ ታጋልጠኛለች ብላ፣ አንዳችን ሌላችንን ስንፈራ ከረምን። ለመሆኑ ከእኛ ውስጥ ይህን ታሪክ የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? አንዳንዴ ማክሰኞ ገበያ ስወጣ አትክልት የሚመርጡትን ሴቶች አያለሁ፤ ከእነሱስ መካከል ስንቷ ናት እንደ እኔ ከንፈሯን ገጥማ የምትዞር? ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ማን ይጀምር?

አያትየዋ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋት። ደስ አላቸው አለችኝ። ሙሴ ከጥንትም ደግ እረኛ ነበር ብለው ሁለተኛ ጭልፋ ሾርባ ጨመሩላት።

የሺ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ የጠራሁዎት ለክስ አይደለም አለችኝ። «ልጄ ጠየቀችኝ፤ እኔም መልሱን አላውቅም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ። መምህሬ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ አፍሬ አላውቅም። እኔም እንደማላውቅ ነገርኳት። እሷን ያንበረከክሁ ዕለት ከትምህርት በኋላ ኃላፊያችንን ሄጄ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ለእኔም የሰጠኝ መልስ እኔ ለእሷ የሰጠኋትን ነው፤ ልዩነቱ እኔን አለማንበርከኩ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ከዚያም ሳላስበው ስለ ወንድሜ ነገርኳት። በደወልኩ ቁጥር የሚለኝን፣ ለባሌ እንኳ የማልነግረውን ነገርኳት። «እናንተ ተፈልጋችሁ ተገኛችሁ፤ እኛን እዚህ የሚጠብቀን ማነው?» ይለኛል።

የየሺም አክስት እዚያው ጎንደር ናት። ሽማግሌው ትኬታቸውን ፍቀው ጨርሰው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

ስንለያይ፣ ልጄን አውቃታለሁ፣ ነገ ደግማ ትጠይቅዎታለች አለችኝ። «ብቻ አያንበርክኳት።»

በማግስቱ ከቅርያት መላኪ ወደ ገዴራ ስሄድ መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። ስገባ የዳሊያ ድምፅ ተመልሷል። ሰኞ ዕለት የነገርሻቸው ደስ ይላል አለችኝ። ለካ ሰምታለች። ቀጠለችና፣ የጥንት ሊቃውንታችን ይህን ታሪክ ያውቁታል አለች። ሙሴ አንድ የጠፋ ግልገል ፍለጋ ሮጦ፣ ውሃ ሲጠጣ አግኝቶ፣ ደክሞታል ብሎ ትከሻው ላይ ተሸክሞ እንደመለሰው፣ ፈጣሪም ይህን አይቶ ሕዝቡን እንዲጠብቅ እንደሾመው በተረታቸው አለ። እኔ እኮ ሳያዓቴ ይህን ማወቋን አልጠረጠርኩም ነበር አለች። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቷታል፤ መቶ የሚለው ቁጥር በእነሱ ዘንድ የለም።

ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣኝ ግልገል ለካ እዚሁ መደርደሪያው ላይ ተኝቶ ነበር። ማን ከማን እንደወሰደው፣ የማን በግ ቀድሞ እንደጠፋ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ሰምቼ ባልጠገብኩ። ያኔ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ዳሊያ ድገሚላቸው ብላ ትንሿን ወንበር ሳበችልኝ። ሾሃም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጣቷን ወደ አገጯ እያነሣች ነው።

ቀደምኳት። እረኛው፣ አልኩ፣ ብቻውን አልነበረም፤ ሳያዓት ነበረችው። እሱ የጠፋችውን ሊፈልግ ሲሮጥ፣ ዘጠና ዘጠኙ ጋር እሷ ቀረች። ዝናብ እየመታት አፍንጫቸውን ጠረገች፣ ውሃ አጠጣች፣ የሚጋፉትን ለያየች፣ የሚያለቅሱትን ይመጣል፣ አልረሳንም አለቻቸው። እሷ ራሷ እንደሚመጣ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ግን አለቻቸው። እረኛው ሲመለስ ጎረቤት ሁሉ እሱን ከቦ ሲደሰት፣ እሷ ጥግ ላይ ቆማ ትቆጥር ነበር። አንድም አልጎደለም።

ሾሃም ዓይኗን ከፈተች። ስሟ ማነው አለችኝ።

የራሴን ስም የምጠራ ሴት አይደለሁም። «የሺ» አልኳት።

ሾሃም ጥሩ ስም ነው አለች፤ እቤት ሄዳ ለእናቷ እንደምትነግራትም ቃል ገባች።

ልጆቹ ወደ መጫወቻቸው ሲበተኑ ዳሊያ ጠጋ አለችኝ። ይህኛው ክፍል በየትኛውም መጽሐፍ አጋጥሟት አያውቅም፤ ከየት አመጣሽው አለች። የቆየ የጎንደር ትውፊት ነው አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፤ የሺ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ጻፈችው።

በዚህ አገር በሥራዬ ላይ ሳለሁ የተናገርኩት የመጀመሪያው ንጹህ ውሸት ይህ ነው። እሱም ተመዘገበ።